ሶዶ ስትሄዱ፦ የጎብኚ መረጃ ከነታሪኩ

ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ ነበራት፤ ምጽዋ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየዓመቱ ለባሕር ኃይል በዓል ይወርዱባት ነበር። አስመሬዎች ቅዳሜና እሑድ ጉርጉሱም ዳርቻ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቁባት ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን እሷም ከነባሕሯ የጎረቤት ሆነች። ለእኛ የቀረልን ሐይቅ ነው። ደግነቱ አማርኛችን ቸር ነውና ሐይቁንም "ባሕር" ብሎ ይጠራልናል።

ታዲያ የውኃ ዳር ከተማ ሲባል የሁላችንም ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚቀሰረው። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ገንዘብ ከተረፈ አርባ ምንጭ። ወደ አርባ ምንጭ በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ ግን በወላይታ ሶዶ አልፏል። አልፏል እንጂ ደርሷል አላልኩም። ነዳጅ ቀድቶ፣ ቁርጥ በዳጣ በልቶ፣ "ዳጣው እኮ አይቻልም!" ብሎ ዓይኑን እየጠረገ መኪናው ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ወላይታን አየ ማለት ነው።

እኔም ዛሬ የጎብኚ መረጃ ልጽፍላችሁ ነው። የደንቡን በደንቡ እንጀምር። ሶዶ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሻሸመኔ በኩል ደግሞ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የመንገዶች መገናኛ ናት፤ ወደ አርባ ምንጭም፣ በዳውሮ አድርጎ ወደ ጅማም፣ ወደ ሐዋሳም ከዚሁ ይታጠፋል። ወገቧን የዳሞታ ተራራ ላይ ደግፋ ነው የተቀመጠችው። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ሰማዩ የጠራ ቀን ወጣ ብሎ ላየ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዓባያ ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል። ከጣና ቀጥሎ በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ውኃው በያዘው ደለል የተነሳ ቀላ ይላል፤ የሰሜን ዳርቻውም የወላይታ ነው። "እንዋኝ?" ለምትሉ፣ አዞ አለ።

ይህን ያህሉን ማንኛውም ጋይድ ቡክ ይነግራችኋል። ጋይድ ቡኩ የማይነግራችሁ ከእናንተ በፊት ወላይታን እነማን እንደጎበኟት ነው። የአንድን አገር ጠባይ ለማወቅ ደግሞ የገቡበትን እንግዶች እንደ መቁጠር የሚጠቅም ነገር ያለ አይመስለኝም።

ወላይታን ጎብኝቶ የጉዞ ማስታወሻውን በመጽሐፍ ካሳተሙ ፈረንጆች ቀደምቱ ጆሴፍ ጋስቶን ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው። የመጣው በ1887 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ (እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ) ነበር። እንግዳ የተቀበለው ሆቴል አልነበረም፤ እሱም ብቻውን አልነበረም። የመጣው ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ያኔ ወላይታ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ንጉሡ "ካዎ" ይባላል። ቤተ መንግሥቱ ከዛሬዋ ሶዶ ብዙ በማይርቀው ዳልቦ ነበር። በገበያው ማርጯ የሚባል የብረት ገንዘብ ነበረው። በዙሪያው ጉድጓድና የድንጋይ ካብ የመከላከያ ምሽግ ነበረው፤ ከፊሉ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራ ሲሆን ፍራሹ ዛሬም ይታያል። የወላይታ አፈ ታሪክ ደግሞ ሐረጉን ወደ ሞቶሎሚ ይስበዋል። ሞቶሎሚን የተክለ ሃይማኖትን ገድል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ የዳሞት ንጉሥ ተብሎ የተጠቀሰው ነው። ዳሞት፣ ዳሞታ... የስሙ መመሳሰል ብቻውን ለሻይ ቤት ክርክር ይበቃል፤ እኔ ግን እዚህ አልገባበትም።

በ1887 ዓ.ም. ዙፋኑ ላይ የነበረው ካዎ ጦና ጋጋ ነው። አካባቢው አንድ በአንድ ለሸዋ ሲገብር ጦና አልገብርም አለ። ጎረቤቶቹ እየገበሩ ያኔውኑ ከገባሪነት ወደ ዘማችነት ተሸጋግረው ነበር። የጅማው አባ ጅፋር ሳይቀር በዘመቻው ከምኒልክ ጋር ተሰልፏል። የወሎው ራስ ሚካኤልም ነበሩ። አገሪቱ ገና ከክፉ ቀን መውጣቷ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ ሰሜኑንና መሀሉን በሬ አልባ አድርጎት፣ ሕዝቡ በረሃብ አልቆ ነበር። በዚህ ጊዜ ለምለም፣ ሰው የሞላበትና ከብት ያለው አገር ምን ያህል ዓይን እንደሚስብ ለመገመት የታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም።

ውጊያው ረጅም አልነበረም፤ ግን ከባድ ነበር። በአንድ ወገን በብዛት ጠመንጃ፣ በሌላው በብዛት ጦርና ጋሻ። ቫንደርሄይም ያየው ዕልቂት ነው። የተቃጠሉ ቤቶችን፣ በመንገድ የወደቁ ሬሳዎችን፣ እየተነዱ የሚሄዱ ምርኮኞችንና ከብቶችን ጽፏል። ጦና ቆስሎ ተያዘና ወደ ሸዋ ተወሰደ። መጽሐፉ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ታተመ፤ ይኼ እንግዲህ የዓድዋ ጦርነት ዓመት ነው። ዘመቻውን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በምኒልክ ዜና መዋዕል መዝግበውታል፤ በዜና መዋዕል ቋንቋ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ምክንያቱም እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጠብ ይነሳል። አንዱ "አገር ማቅናት ነው" ይላል፤ ሌላው "ወረራ ነው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ያለፈውን ተዉት፣ ስለ ፏፏቴው አውሩ" ይላል። ሦስተኛው እንደሚያበሳጨኝ ሁለቱ አያበሳጩኝም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አንድ ነገር ተፈጽሟል ብለው ያምናሉ፤ የተጣሉት በስሙ ነው። ደግሞ ቫንደርሄይም ለጦና የሚያዳላበት ምክንያት አልነበረውም። የመጣው የምኒልክ እንግዳ ሆኖ፣ የምኒልክን እንጀራ እየበላ ነው። ከአሸናፊው ድንኳን ተቀምጦ የተጻፈ ምስክርነት ስለሆነ ነው ክብደት የምሰጠው። በሁለት ዓመት ውስጥ የእነዚያው ዘማቾች ብዙዎቹ ዓድዋ ላይ ተሰልፈዋል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መሰረዝ ለምን ግድ እንደሚሆንብን አልገባኝም።

ለማንኛውም፣ ከዘመቻው በኋላ ሶዶ የገዢዎቹ መቀመጫ ሆነች። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ከመክተም የመጣ ነው፤ ጦር የከተመበት ቦታ ማለት ነው። የደቡብ ብዙ ከተሞች የልደት ታሪክ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ አለ። ባላገሩ ገባር ሆነ፤ ብዙዎች በባርነት ተሸጡ። አገሩም ስም ተለወጠለት፤ "ወላሞ" ተባለ። ሕዝቡ ራሱን ወላይታ እያለ በመንግሥት ወረቀት ላይ፣ በካርታ ላይ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ወላሞ ሆኖ ኖረ። ስሙ ስድብ ነበር፤ የተሰደበውም ያውቃል፣ የሰደበውም ያውቃል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው ከወረቀት ላይ የወረደው። ዛሬም አሮጌ ካርታ ወይም የፈረንጅ መጽሐፍ ስትገልጡ ታገኙታላችሁ።

ስለ ስም ካነሳን፣ ዓባያም ከዚህ አላመለጠም። በ1888 ዓ.ም. ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል ጣሊያናዊ አሳሽ ከደቡብ በኩል መጥቶ ሐይቁን አየና "ንግሥት ማርጋሪታ" ብሎ ሰየመው። ሌላ ስም ያለው ሐይቅ! በዳሩ ሰው እየኖረ፣ ዓሣ እየወጣበት፣ አንድ መንገደኛ መጥቶ የንግሥቱን ስም ለጥፎበት ሄደ። ይህ ስም ለብዙ ዓመታት በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ቆየ። ቦቴጎ እንኳ ብዙ አልቆየም፤ በሚቀጥለው ዓመት በምዕራብ ኢትዮጵያ ተገደለ።

ሦስተኞቹ እንግዶች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጡ። በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (ኤስ አይ ኤም) ቡድን ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ደቡብ ወረደ። ሐሳባቸው ጅማ ነበር። ጅማ ሳይደርሱ ሲዳማ፣ ወላይታና ሐዲያ ቀሩ። ሶዶ ላይ ጣቢያ ከፈቱ፤ ሕክምና ጀመሩ፤ አስተማሩ። ያመነላቸው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሲያባርራቸው ትተው የሄዱት የተጠመቀ ሰው ሃምሳ አይሞላም። ተስፋ የቆረጡም ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው። በነዚያ ዓመታት ወላይታዎቹ ራሳቸው፣ አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች፣ እየተገረፉና እየታሰሩ ከመንደር መንደር ዞረው ሰብከዋል። ከዚያም አልፈው ኦሞን ተሻግረው ወደ ዳውሮና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ብትሆኑ የታሪኩ ነገር ያስገርማል። እንግዳው የሄደ ጊዜ ነው ነገሩ የባለቤቱ የሆነው። ዛሬ እሑድ ጠዋት ሶዶ ውስጥ ከተገኛችሁ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ዝማሬ ከየት እንደተነሳ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ የባለሙያዎች ዘመን መጣ። ወላይታ ከጥንትም ሰው የሚበዛበት አገር ነው፤ በአገሪቱ በሕዝብ ብዛት ከተጨናነቁት የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። እንሰት ባይኖር ያ ሁሉ ሰው በዚያች ቁራሽ መሬት አይኖርም ነበር። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ዋዱ ይባላል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አከፋፈለ፣ መንገድ ሠራ፣ ከደጋው ሰው አንስቶ ቆላው ላይ፣ አበላና በሌ፣ አሰፈረ። ባለሙያዎቹ መጡ፣ ለኩ፣ ሪፖርት ጻፉ፣ ሄዱ። ረሃቡ ግን ተመላለሰ። በ1977 ዓ.ም. ነበር፤ በ1992 እና በ1995 ዓ.ም. ነበር። የወላይታ ረሃብ ደግሞ ክፋቱ አይታይም። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ዛፉም ሳሩም አለ። በመኪና የሚያልፍ ሰው "እዚህ ደግሞ ምን ይርባል?" ይላል። ስኳር ድንች ሲከሽፍ ግን ቤት ውስጥ የሚላስ የለም። የእርዳታ ሠራተኞች "አረንጓዴ ረሃብ" ያሉት ይህንን ነው። ለጎብኚ ዓይን ከዚህ የበለጠ መዋረድ የለም፤ አገር በመስኮት አይታይም።

(ሳልረሳ፣ ሳይመጣ ስለቀረ አንድ ጎብኚ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሱ። የሚሄዱት በወላይታ ምሥራቃዊ ጫፍ በሚፈሰው በብላቴ ወንዝ አካባቢ ያለውን ማሠልጠኛ ሊጎበኙ ነው ተብሎ ነበር። በዚያ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተነስተው ብላቴ ገብተው ነበር። አውሮፕላኑ ናይሮቢ አረፈ። ተማሪዎቹም ካምፑ ሲበተን ብዙዎቹ በእግር ወደ ኬንያ አቀኑ። የእናንተ አጎት ወይም አባት ከነሱ አንዱ ከሆነ "ብላቴ" የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱን ተመልከቱት።)

ኢሕአዴግ ሲገባ ወላይታ አርባ ምንጭን ዋና ከተማው ባደረገ ሰሜን ኦሞ በሚባል ዞን ውስጥ ከሌሎች ጋር ታጨቀ። ከዚያ አንድ ብልህ ነኝ ያለ ሰው የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለመሥራት አሰበ። ስሙ "ወጋጎዳ"። የአራቱም ስም መነሻ ፊደል ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ልጆች በማንም እናት አፍ ያልተነገረ "የአፍ መፍቻ ቋንቋ" እንዲማሩ መጽሐፍ ታተመ። ኅዳር 1992 ዓ.ም. ሶዶ ተነሳች። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ወጣ። ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለመጽሐፍ ብለው የሞቱ ሰዎች ያሉባት ከተማ ስንት አለችን? በጎብኚ መረጃ ላይ ቢጻፍ ማን ይጎዳል?

የቅርቡን በፍጥነት ላሳልፈው፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። ከቦሎሶ ሶሬ የተገኙት ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ወላይታንና ዳውሮን በሚለየው የኦሞ ሸለቆ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ተመረቀ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አስወጣ። (ይኼን ደግሞ በፍጥነት ማለፍ ከበደኝ። ዛማሌክን! በካይሮ!) በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄ ያነሱ የዞኑ መሪዎች ታሰሩ፤ ተቃውሞ በወጣው ሕዝብ ላይም ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። በ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በወላይታ ደግሞ ሰኔ 12 ተደገመ። በነሐሴም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ሶዶ የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች፤ የቀሩት ቢሮዎች ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላና ለሌሎቹ ተከፋፈሉ። የፈለጉት ክልል ይኼ ነበር ወይ ብላችሁ ሶዶ ካፌ ውስጥ ከጠየቃችሁ ቡናችሁ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ "ምን ይታያል" እንመለስ። ቦሎሶ ቦምቤ ውስጥ አጆራ አለ። ሶኬና አጃንቾ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ገደል የሚገቡበት መንታ ፏፏቴ ነው። ክረምቱ እንደወጣ ሂዱ። ሁምቦ ላይ ደግሞ ገበሬዎቹ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከጉቶ መልሰው ደን አድርገውታል፤ የካርበን ገቢም አግኝተውበታል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዳሞታ ላይ ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ነው። ፈረንሳዮች በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቆፍረውት፣ ከዚያ በስቲቨን ብራንት የሚመራ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቀጠለው። ከ50,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ተቀምጦበታል። ሰዎቹ መሣሪያቸውን የሠሩበት ባልጩት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኝ ስፍራ የመጣ ነው። ዓለም በበረዶና በድርቅ ስትታመስ ደጋው ዳሞታ መጠለያ ሆኖ ሊሆን ይችላል የሚል መላምት አላቸው። ቫንደርሄይም ሁለተኛ እንኳ አልነበረም ማለት ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው።

የወላይታና የእኛ የመጎብኘት ሚዛን ግን የተዛባ ነው። እኛ ወላይታን አናውቅም እንጂ ወላይታ እኛን በደንብ ያውቀናል። አዲስ አበባ ውስጥ ጫማችሁን ከሚጠርጉት፣ ሎተሪ ከሚያዞሩት፣ ሱቅ በደረቴ ከያዙት ልጆች ስንቱ ከዚያ የመጣ ነው? የእኛን ሰፈር፣ የእኛን ቋንቋ፣ የእኛን ጫማ ሳይቀር ያውቃሉ። እኛ "ከየት ነህ?" ብለን "ከወላይታ" ሲለን ቀጣይ ጥያቄ የለንም። ከየትኛው ወረዳ? ቦሎሶ? ዳሞት ጋሌ? ኪንዶ? አንጠይቅም። የእንጨቷን ሳጥን ሁለት ጊዜ ሲመታ እግራችንን እንቀይራለን።

እነዚህ ልጆች አገራቸው የሚገቡበት ወቅት አለ። ጊፋታ ይባላል፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውል እሑድ ይከበራል። ዕዳ ያለበት ይከፍላል፤ የተጣላ ይታረቃል። በሬ ይታረዳል፣ ዳጣው ይወቀጣል፣ ሙቿ ይቀርባል፤ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለው ዱንጉዛ ይለበሳል። ወጣቱ አደባባይ ወጥቶ ይጨፍራል። ወላይታን ለማየት አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ይኼንን ምረጡ። ትኬቱን ግን አስቀድማችሁ ቁረጡ። በዚያ ሰሞን የሶዶ አውቶቡስ በሙሉ ሊስትሮውን ዘግቶ፣ ለእናቱ ሻርፕና ስኳር ይዞ በሚሄድ ሰው ይሞላል፤ መስኮት ዳር ወንበር አታገኙም።